ኮምፒውተር ላይ የዜና ፊድ ማንበቢያ ልጀምር ነው፤ ከየት ልነሳ?

የከዚራዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለእናንተ።

ድሬ ከዚራ፣ ከለገሃር ብዙም ሳይርቅ፣ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ገና ሳይራገፍ ባለዕቃው ደውሎ «ቀረጡ ስንት ይመጣል?» ይለኛል። መልሱ ደግሞ የወጣውን መመሪያ፣ የታሪፍ ማሻሻያውንና የምንዛሪ ተመኑን ተከትሎ ይለዋወጣል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላማ፣ ጠዋት ሳላነብ ለሰው ቁጥር መናገር ትቻለሁ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቢሮ እንደገባሁ ሁለት ሦስት ጋዜጣ፣ የጉምሩክን ገጽ፣ የብሔራዊ ባንክን ገጽ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ወደቡ የሚጽፉ ገጾችን፣ የግብር ነገር የሚያስረዳ አንድ የዩቲዩብ ቻናል፣ ሁሉንም ብሮውዘሩ ላይ ጎን ለጎን እደረድራለሁ። ግማሹ ትናንት ያየሁት ነው። ቴሌግራም ብገባ የቀረጥ ማስታወቂያው በኳስ ውጤትና በኮንዶሚኒየም ሽያጭ መሃል ተቀብሮ ይጠብቀኛል። ፌስቡክንማ ተዉት፤ ሰኞ የወጣውን ሐሙስ ያመጣልኛል።

የአንድ ደንበኛችን ልጅ «አርኤስኤስ ሪደር ጫኚ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይመጣልሻል» አለኝ። አርኤስኤስ ጋርድ የሚባለውን አወረድኩ። ስከፍተው ግራውም ቀኙም ባዶ ነው። አድራሻ አስገቢ ሲለኝ የጋዜጣውን አድራሻ ሰጠሁት፣ ስህተት አለ ብሎኝ ቀረ። ልጁ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዷል።

የምፈልገው ስልክ ላይ የሚሆን አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ የምቀመጠው ዴስክቶፕ ፊት ነው። ዊንዶውስ 10፣ ራሙ 4 ጊጋ። መብራት እንደምታውቁት ነው፣ ዋይፋዩንም ቢሮው በሙሉ ይካፈለዋል። ምን ልጫን? የማስገባው አድራሻ የትኛው ነው? አማርኛውን በትክክል ያሳያል ወይ?

---

ሸዋበር_ማለዳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ባዶ ሆኖ መከፈቱ ልክ ነው፤ አንቺ ያላዘዝሽውን ነገር አያመጣም። እኔ ይህን ጸባዩን ነው የምወድለት።

ሐረር ነኝ፣ ለሬዲዮ የጠዋት ዜና አዘጋጃለሁ። ማይክ ፊት የሚቀርበው ወረቀት ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ገጽ በገጽ የምዞርበት ጊዜ ስለሌለኝ፣ ከፊድ ማንበቢያ ጋር ከተዋወቅን ቆይተናል።

መጀመሪያ አድራሻው። ፊድ ማለት ድረ ገጹ በሩ ላይ የለጠፈው የአዳዲስ ጽሑፎች ዝርዝር በዪው፦ ርዕስ፣ ቀን፣ ማስፈንጠሪያና አጭር መግለጫ፣ አንዳንዴም ሙሉ ጽሑፉ። ዝርዝሩ የራሱ አድራሻ አለው። አንቺ የሰጠሽው የቤቱን አድራሻ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው የዝርዝሩን ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ከቤቱ አድራሻ ተነስቶ ዝርዝሩን ራሱ ይፈልጋል፣ ሁሉም ግን አይሳካለትም። ስለዚህ ራስሽ ማግኘቱን ልመጂ፤ ከዚህ ሌላ የሚከብድ ነገር የለውም።

ብዙ የኛ አገር ጋዜጦችና መጽሔቶች ድረ ገጻቸው የተሠራው ወርድፕሬስ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። በወርድፕሬስ የተሠራ ገጽ ደግሞ ባለቤቱ ሆን ብሎ ካልዘጋው በስተቀር ፊድ አለው። ከገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ስላሽ አድርጊና በእንግሊዝኛ ፊደል ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ፣ ዲ ብለሽ ጻፊ። ብሮውዘሩ ላይ ስትከፍቺው የተመሰቃቀለ የኮድ ጽሑፍ ከመጣ ደስ ይበልሽ፣ አግኝተሽዋል። ያንን አድራሻ ገልብጠሽ ለማንበቢያው ስጪው። ከዚህ የሚጣፍጠው ግን ሌላ ነው፦ ጋዜጣው «ቢዝነስ» የሚል ዓምድ ካለው ዓምዱን ክፈቺና በዓምዱ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያንኑ ጨምሪ። የሚመጣልሽ የዚያ ዓምድ ጽሑፍ ብቻ ይሆናል። ኳሱ እዚያው ይቀራል።

ወርድፕሬስ ካልሆነ ገጹን ክፈቺና ኮንትሮልና ዩን አንድ ላይ ተጫኚ። የገጹ ኮድ ይወጣል። ኮንትሮልና ኤፍ ብለሽ አርኤስኤስ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈልጊ፤ ካጣሽው አቶም ብለሽ ሞክሪ። ሁለቱም የፊድ ዓይነቶች ናቸው፣ ማንበቢያው ሁለቱንም ስለሚያውቅ ልዩነታቸው አንቺን አያስጨንቅሽ። የዩቲዩብ ቻናልም በዚሁ መንገድ ይገኛል፦ የቻናሉን ገጽ ክፈቺ፣ ኮዱ ውስጥ ፈልጊ፣ ገልብጪ። ከዚያ በኋላ ዩቲዩብ ራሱ ሳያሳስብሽ አዲስ ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ርዕሱ ይመጣልሻል።

ፕሮግራሙን በተመለከተ እኔ የምጠቀመው ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ኢሜይል በእሱ ካነበብሽ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግሽም። አዲስ አካውንት በሚከፈትበት ቦታ ፊድ የሚለውን ምረጪ፣ ስም ስጪው። ከዚያ የተፈጠረውን አካውንት በቀኝ ክሊክ አድርገሽ ሰብስክራይብ የሚለውን ግቢ፣ አድራሻውን ለጥፊ፣ አድ በዪ። በቃ። ዜናው እንደ ኢሜይል ተደርድሮ ይመጣል፣ ያላነበብሽው ደመቅ ብሎ ይታያል። እዚያው መስኮት ላይ ሙሉ ድረ ገጹን ከሚከፍት ይልቅ ማጠቃለያውን እንዲያሳይ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ምልክት አድርጊበት። ዋይፋዩን ለሚካፈሉሽ ሰዎች ውለታ ነው።

አሁን ዋናው ምክሬ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት በላይ ፊድ አታስገቢ። ሰው ይህን ነገር ሲያገኝ ገበያ የወጣ ይመስል ሁሉንም ይሰበስብና በሦስተኛው ቀን «800 ያልተነበበ» ሲለው ዘግቶት ይጠፋል። ሲያመልጥሽ ገንዘብ የሚያስወጣሽ የትኛው ነው? በእሱ ጀምሪ። የቀረጥና የምንዛሪ ወሬ ቢያመልጥሽ ደንበኛሽ ይጮህብሻል። የወደቡ ዜና ቢያመልጥሽ ምናልባት ካሚዮን ቆሞ ይውላል። ስለ ከተማው የመንገድ ምረቃ ግን ማታ ቤት ስትገቢም ትሰሚዋለሽ። እኔ ሁለት ፎልደር ብቻ ነው ያለኝ፦ «ዛሬ» እና «ሲመች»። «ሲመች» የሚለውን ሳላነብ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ሁሉንም እንደተነበበ የማደርግባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ከልቤም አላዝንም።

መብራቱን ላንሳና ላብቃ። አንዴ የወረደው ዜና ኮምፒውተርሽ ላይ ይቀመጣል። ፊዱ ሙሉ ጽሑፍ የሚሰጥ ከሆነ ኔትወርክ ሲጠፋም ማንበብ ትችያለሽ። እንደ ቢቢሲ አማርኛ ያለው ርዕስና አንድ ሁለት መስመር ብቻ ስለሚሰጥ ቀሪውን ለማንበብ መስመር ላይ መሆን አለብሽ።

---

በርጫ_ሰዓት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

አቦ ይሄ ነገር ሞቶ የለም እንዴ? ጉግል ሪደር የሚባል ነበረ፣ ዘጉት። ፋየርፎክስም አውጥቶ ጣለው። ቴሌግራም እያለ ምን አስለፋችሁ?

---

ሸዋበር_ማለዳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

የተዘጋው የጉግል ማንበቢያ ነው፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2013። ፋየርፎክስም በ2018 መጨረሻ ከብሮውዘሩ ውስጥ አወጣው፣ እውነትህን ነው። ፊዱ ራሱ ግን የጉግልም የፋየርፎክስም አልነበረም። ከ1999 ጀምሮ ያለ ክፍት አሠራር ነው፤ ማንም ድረ ገጽ ያወጣል፣ ማንም ፕሮግራም ያነብባል። ስልክህ ላይ የምታዳምጠው ፖድካስት እስከ ዛሬ የሚከፋፈለው በአርኤስኤስ ነው።

ቴሌግራሙን እኔም እጠቀማለሁ፣ አልጣላውም። ቻናሉ ግን ጽሑፉ የማን እንደሆነ ሳይነግርህ ገልብጦ ይለጥፋል። ሬዲዮ ላይ «አንድ የቴሌግራም ቻናል እንደዘገበው» ብዬ ላንብብልህ? ፊድ የሚመጣው ከጻፈው ሰው ገጽ ነው፣ ሲስተካከል አያለሁ፣ ሲነሳም አውቃለሁ።

---

ሳቢያን_ሊኑክስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ከሸዋበር ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። አርኤስኤስ ጋርድን አውርዳ ጨርሳለች፣ ለምን ታስወጧታላችሁ? ተንደርበርድ ኢሜይል፣ ካላንደር፣ ሁሉንም ተሸክሞ ነው የሚነሳው። 4 ጊጋ ራም ላይ ብሮውዘር ተከፍቶ፣ ኤክሴል ተከፍቶ፣ የጉምሩክ ሲስተም ተከፍቶ ሲጨመርበት ኮምፒውተሩ ያቃስታል። አርኤስኤስ ጋርድ ከውስጡ ብሮውዘር የሌለው ቀለል ያለ ቅጂ አለው፣ እሱን አውርጂ። ጽሑፉን ብቻ ያሳያል፣ ማስፈንጠሪያ ስትጫኚ በዋናው ብሮውዘርሽ ይከፍታል።

ዳታን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። ፊድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ማንበቢያው ሲጠይቅ «ካለፈው ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ?» ነው የሚለው፤ ሰርቨሩ በደንብ የተሠራ ከሆነና አዲስ ነገር ከሌለ «የለም» ብሎ ብቻ ይመልሳል፣ ፋይሉን አይልክም። ዳታ የሚበላው ሥዕሉ ነው፣ ሥዕል እንዳያወርድ አድርጊው። በየ5 ደቂቃው እንዲጠይቅም አታድርጊ፤ በሰዓት አንዴ ከበቂ በላይ ነው። በየደቂቃው የሚያንኳኳን ፕሮግራም አንዳንድ ድረ ገጽ ያግደዋል።

ሸዋበር ያልነገረሽ አንድ ነገር አለ፣ ለአንቺ ሥራ ደግሞ ወሳኝ ነው። ዝርዝሩ አጭር ነው። ወርድፕሬስ ካልተነካካ ፊዱ ላይ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ነው፣ ዩቲዩብ ደግሞ 15 ቪዲዮ። አንቺ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ዘግተሽ ሰኞ ብትከፍቺ፣ ጋዜጣው በመሃል 25 ጽሑፍ አውጥቶ ከሆነ የምታገኚው የመጨረሻዎቹን ብቻ ነው። የቀሩት አንቺ ጋ ሳይደርሱ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ማንበቢያው ይህን አይነግርሽም፤ ሁሉም የመጣልሽ ይመስልሻል።

መፍትሔው ሁለት ነው። በዓምድ ካስገባሻቸው፣ ሸዋበር እንዳለው፣ አንድ ዓምድ በሁለት ቀን 10 ጽሑፍ ስለማይሞላ ብዙ አያመልጥሽም። ወይም ኢኖሪደር ወይም ፊድሊ የሚባሉት የመስመር ላይ ማንበቢያዎች ላይ አካውንት ክፈቺ። እነሱ ሰርቨራቸው ስለማይተኛ አንቺ ተኝተሽም መብራት ጠፍቶም ይሰበስቡልሻል። የከፈትሽው አካውንት ከሌላ ፕሮግራም ጋር መገናኘት የሚፈቅድ ከሆነ አርኤስኤስ ጋርድን ከእሱ ጋር ታገናኚውና ስትከፍቺው የተጠራቀመውን ያመጣልሻል። ተንደርበርድ ይህን አያደርግም። ይኸው ነው ክርክሬ።

---

የከዚራዋ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡10

አቦ እግዜር ይስጣችሁ!

ሳቢያን፣ ቀለል ያለውን ጫንኩት፣ ልዩነቱ ወዲያው ነው የታወቀኝ። ሸዋበር፣ እርስዎ እንዳሉት በጋዜጣው አድራሻ መጨረሻ ላይ ጨመርኩ፣ ያ የተመሰቃቀለው ነገር መጣ፣ እልል ልል ነበር። የቢዝነስ ዓምዱ ገብቷል፣ ዩቲዩቡም ገብቷል። ጠዋት የሚፈጅብኝ ዙረት ቡና ሳይፈላ አለቀ።

አሁን የቀረኝ። አንደኛ፣ ለሥራዬ በጣም የምፈልገው የአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ኮዱ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ ፊድ የለውም። ማስታወቂያውን ራሱ ስካን አድርጎ በፒዲኤፍ ነው የሚለጥፈው። ሁለተኛ፣ ዓምዱም ቢሆን ስለ ባንክ አክሲዮንና ስለ ቡና ጨረታ ይበዛዋል፤ ቀረጥ፣ ጉምሩክ፣ ጅቡቲ፣ ደረቅ ወደብ፣ ነፃ የንግድ ቀጣና የሚሉት ብቻ ጎልተው እንዲታዩኝ ማድረግ ይቻላል? ነፃ ቀጣናው ነሐሴ 2014 እዚህ እኛ ጋ ከተከፈተ ወዲህ ግማሹ ጥያቄ የሚመጣልኝ በእሱ ዙሪያ ነው። ሦስተኛ፣ የአማርኛው ፊደል በጣም ደቃቃ ነው፣ ዓይኔን አፈዘዘው።

---

ሳቢያን_ሊኑክስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ፊደሉ፦ ዊንዶውስ 10 ኤብሪማ የሚባል ፎንት ስላለው አማርኛው አራት ማዕዘን ሆኖ አይመጣብሽም። ለማንበብ ግን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሻሉሻል። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ከጫንሽ በኋላ በአርኤስኤስ ጋርድ ሴቲንግ ውስጥ የጽሑፍ ማሳያውን ፎንት ቀይሪና መጠኑን ከፍ አድርጊ።

ፊድ የሌለው ገጽ፦ ማንበቢያው ሊረዳሽ አይችልም። ዲስቲል የሚባል የብሮውዘር ተጨማሪ አለ፤ የገጹን አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ የማስታወቂያዎቹን ዝርዝር፣ ትመርጪለታለሽ። እዚያ ቦታ ላይ ለውጥ ሲኖር ያሳውቅሻል። ፒዲኤፉን አያነብልሽም፣ አዲስ ነገር መለጠፉን ግን ታውቂያለሽ። መሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ቴሌግራም ቻናል ካለው ደግሞ ቻናሉን ወደ ፊድ የሚቀይሩ እንደ አርኤስኤስ ብሪጅ ያሉ መሣሪያዎች አሉ። እነሱን ለማቆም ትንሽ ቴክኒክ ይጠይቃል፣ ዛሬ አትግቢበት።

አንድ ልጨምር፦ ጉግል ኒውስ ላይ በእንግሊዝኛ «የጅቡቲ ወደብ» ብለሽ ፈልጊ። የመጣውን አድራሻ ከመገልበጥሽ በፊት ከጉግል ኒውስ ስም ቀጥሎ፣ ሰርች ከሚለው በፊት፣ አርኤስኤስ የሚለውን በእንግሊዝኛ በስላሽ አስገቢ። ያ ፍለጋ ራሱ ፊድ ይሆንልሻል። የወደብ ነገር ከአማርኛው ቀድሞ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው የሚወጣው።

---

ሸዋበር_ማለዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

አንቱታውን ተይው እንጂ፣ ድሬና ሐረር ተገናኝተን ደግሞ እርስዎ እንባባል?

ሳቢያን ስለ 10ሩ ያለው ትክክል ነው። የኔ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ስለማይዘጋ አላሳሰበኝም ነበር። እሱ ያለሽን አድርጊ።

ስለ ማጣሪያው ግን እኔ ልምዱ አለኝ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ማጣሪያ አላቸው። አርኤስኤስ ጋርድ ላይ ደንቡን መጻፍ ትንሽ ኮድ ነገር ስለሆነ ሳቢያን ይጻፍልሽ፣ ተንደርበርድ ላይ እንደ ኢሜይል ማጣሪያ በመምረጥ ብቻ ይሠራል። በየትኛውም ብትሠሪው ማሽኑ የሚያየው ፊደል ነው፣ ትርጉም አያውቅም። «ጅቡቲ» ብለሽ ካዘዝሽው «ጂቡቲ» ብሎ የጻፈውን ያልፈዋል። «ነፃ» እና «ነጻ»፣ «ቀጣና» እና «ቀጠና»፣ «ሐረር» እና «ሀረር» ለእሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጋዜጦቻችን ደግሞ አንዱ ከአንዱ ቀርቶ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ አይስማሙም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሁሉንም አጻጻፍ ዘርዝሪለት። «የያዘ» የሚለውን ምረጪ እንጂ «እኩል የሆነ» የሚለውን አትምረጪ፤ ያኔ «የጉምሩክ»፣ «በጉምሩክ»፣ «ከጉምሩክ» ሁሉም ይገቡልሻል።

ደግሞ ማጣሪያው እንዲያጠፋ አታዢው። ቀለም እንዲቀባ ወይም ኮከብ እንዲያደርግ ብቻ እዘዢው። ርዕሱ «የገቢ ዕቃዎች ላይ አዲስ ውሳኔ ተላለፈ» ብሎ ጉምሩክ የሚለውን ቃል ጭራሽ ሳያነሳ የሚወጣ ዜና አለ። እንደዚያ ያለው ነው በኋላ ባለዕቃ የሚያስጮህብሽ።

---

በርጫ_ሰዓት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እሺ ተሸነፍኩ፣ ለኳስ ብቻ አንድ ልሞክር ነው። ሳቢያን፣ ደንቡን ስትጽፍላት እዚህ ለጥፈው፣ እኔም ልውሰድ። እኔ ግን ማጣራት የምፈልገው ሌላውን ሁሉ ነው 😂

---

የከዚራዋ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ፎንቱ ተስተካከለ፣ አሁን መነጽር ሳላደርግ አነባለሁ። ዲስቲልም ትናንት ማታ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይዞልኝ ጠበቀ። የማጣሪያ ቃላቱን ዘርዝሬ ጨረስኩ፣ «ዲክላራሲዮን»ን ራሱ ሰው በስንት ዓይነት ይጽፈዋል ወላሂ!

አንድ የመጨረሻ፦ ደረቅ ወደብ የምትሠራው ባልደረባዬም ፈለገችው። አንድ በአንድ እንደገና ላስገባላት ነው?

---

ሳቢያን_ሊኑክስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡50

አይደለም። ኤክስፖርት የሚለውን ፈልገሽ ተጫኚ፣ ኦፒኤምኤል የሚባል ትንሽ ፋይል ይሰጥሻል። የፊዶቹ ዝርዝር በሙሉ ከነፎልደሩ እሱ ውስጥ አለ። በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ላኪላት፣ እሷ ኢምፖርት ትላለች፣ ተንደርበርድ ብትጠቀምም ይቀበላል። ማጣሪያው ግን አብሮ አይሄድም፣ እሱን ለብቻው ነው። ደንቡን ዛሬ ከሰዓት እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ ሁለታችሁም ከዚሁ ትገለብጣላችሁ። ኦፒኤምኤሉን ለእኔም ላኪልኝ፣ የወደቡን ፊዶች እፈልጋቸዋለሁ።